የጓሯችን ጎመንና የጎረቤታሞች ኩርፊያ

ስለ ከተማ ግብርና ጻፉ ስንባል አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቼ መቅረጸ ድምፃቸውን ይዘው ወደ ቢሮ ሮጡ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ታክሲ መጠበቁ ስለታከተኝ የሄድኩት ወደ ራሳችን ጓሮ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ2012 ዓ.ም ነው። በመጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ታክሲዎች ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭኑ ተደረገና የሚኒባስ ሹፌሩ አባቴ ቤት መዋል አበዛ። ቤት መዋል ያልለመደ ወንድ ቤት ሲውል ታውቁታላችሁ አይደል? በሻይው ስኳር፣ በቴሌቪዥኑ ድምፅ፣ በእኔ አቀማመጥ ሳይቀር ይቆጣል። አንድ ቀን ጠዋት ግን ዶማ ተውሶ መጣና ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለውን ቆሻሻ መጣያ መቆፈር ጀመረ። ቦታው ሁለት ሜትር በአራት ቢሆን ነው። ከአፈሩ ይልቅ ፌስታልና የጠርሙስ ስባሪ ይበዛ ነበር።

የምንኖረው ቀበሌ ቤት ነው፤ ያኔ አምስት አባወራ በአንድ የውሃ ቆጣሪ እንጠቀም ነበር። በዚሁ ቆጣሪ ሒሳብ የተነሳ እናቴና የማዶዋ እትዬ ከተኳረፉ ዓመት አልፏቸዋል። ቡና እንኳ አይጠራሩም። እትዬ እኔን አዝለው ያሳደጉኝ ሴት ናቸው፤ እንደዚያም ሆኖ "ደህና አደሩ" የምላቸው እናቴ እንዳታየኝ ዞር ብዬ አይቼ ነበር።

አባቴ የጎመን ዘሩን እንደ ጤፍ በተነው። እትዬ የጉራጌ አገር ልጅ ናቸው፤ ጓሮ ሲበላሽ ዝም ብሎ ማየት አይሆንላቸውም መሰለኝ፣ ሦስት ቀን ችለው በአራተኛው ከደጃፋቸው ጮኹ።

"ኧረ የኔ ወንድም፣ እንደሱ አይደለም! መጀመሪያ ጥግ ላይ አፍላው፤ ጣት ሲያክል ነቅለህ ታዛውረዋለህ።"

እናቴ ድስት እያጠበች ነበር፤ ቀና አላለችም። ማታ ግን "ሴትዮዋ እውነቷን ነው" አለች። ስለ እትዬ ከአፏ ደግ ቃል ስሰማ ከስንት ጊዜ በኋላ!

በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ስለነበር ጎመን በቧንቧ ማጠጣት ሌላ ጠብ መጥራት ነው። የምናጠጣው ምስርና ሩዝ የታጠበበትን ውሃ ነበር። እትዬም የራሳቸውን በባልዲ እያጠራቀሙ፣ ምንም ሳይናገሩ፣ መደቡ ዳር ያስቀምጡ ጀመር። ጎመኑ ሲደርስ እናቴ በሳህን ሸፍና በእኔ እጅ ላከችላቸው። ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ቆጮ ይዞ መጣ። ሳህኑ እንዲህ ሲመላለስ ከረመና አንድ እሑድ እናቴ ቡና አፍልታ "ጥሪያት" አለችኝ። ስለ ቆጣሪው ግን እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ጎመን ከችግር አወጣን አልልም። ከታች ከታች ቅጠሉን ሲቀጥፉለት ለወራት ስለሚሰጥ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ከወጥ ሐሳብ ገላግሎናል፤ ዘይቱን ግን አይገዛም። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም ሲጀመርም ጓሮ ሁሉን የሚፈታ አስመስለው የሚያወሩ ሰዎች ነበሩ። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው የት ይትከል? አንድ ነገር ግን አልክድም። በአቃቂ ወንዝ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። የእኛ ጎመን የጠጣው ምን እንደሆነ እኔው በእጄ ስላጠጣሁት አውቀዋለሁ።

እትዬ በዚያው ክረምት አንዲት የእንሰት ችግኝ ጥግ ላይ ተከሉ። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍል 20 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚመገበው ይህ ተክል ለመድረስ እንደ አየሩ ሁኔታ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። አባቴ "እስከዚያ ማን አለ!" ብሎ ስቆ ነበር። አባቴ አለ፤ ወደ መሪው ተመልሷል። እትዬ ግን ባለፈው ዓመት ልጃቸው ዘንድ ኮንዶሚኒየም ገቡ።

እንሰቱ ዛሬ የማድ ቤቱን ጣሪያ አልፏል። እናቴ መፋቅ አትችልበትም፤ የሚፍቅ ሰው እንፈልግ ስትባልም እምቢ አለች።

"እሷው ለመስቀል ትመጣለች" ትላለች፤ ቢላዋም አላስነካችው።