ምን ሰጠሻት?

ነርስ ነኝ። ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ሕፃናትን ሳክም ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በነዚህ ዓመታት ከአፌ የማይጠፋ ጥያቄ ቢኖር "ቤት ምን ሰጣችሁት?" የሚለው ነው። እናቶች ብዙ ጊዜ መልስ አይሰጡኝም። አንዷ ለምች ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጥታው ትደብቃለች። ሌላዋ የልጇን እንጥል አስቆርጣ መጥታ "ጉንፋን ይዞት ነው" ትለኛለች። ጉሮሮውን በባትሪ አብርቼ ቁስሉን ሳገኝ በሰው ፊት እቆጣት ነበር፤ "ለምን ትዋሺኛለሽ? ልጁ ያንቺ አይደለም እንዴ?" እላት ነበር።

ድመቴ ቡላ ወደ ቤቴ የመጣችው አይጥ በወረረኝ ክረምት ነው። ዱራሜ ያለችው እናቴ ከቆጮ ጋር በካርቶን አድርጋ በመኪና ላከችልኝ። ከእንሰቱ እንደሚወጣው ቡላ ነጭ ስለነበረች ስሟ ያኔውኑ ወጣላት። በኛ አገር ድመት የምትያዘው ለአይጥ ነው፤ አይጡ ሲጠፋ እሷንም የሚያስባት የለም። እኔ ግን ብቻዬን ነበር የምኖረው። ማታ ከሥራ ስገባ በር ላይ ትቀበለኛለች፤ የሆሳዕና ብርድ ሲበረታ ጋቢዬ ውስጥ ገብታ ትተኛለች።

ስምንት ወር ሲሞላት መጀመሪያ ጨዋታ ተወች፤ ከዚያ ምግብ። ጀርባዋ አጥንቱ እየወጣ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ። ሁሉም የየራሱን ምርመራ ነገረኝ። አከራዬ የተመረዘ አይጥ በልታ ነው አሉ። ጎረቤቴ የሆድ ትል ነው አለች። እናቴ በስልክ "አርግዛ ይሆናል፣ ተያት" አለችኝ። እኔ በበኩሌ አለማወቁን አልቻልኩትም። ማታ ማታ እየተነሣሁ እነካካታለሁ፤ ትንፋሿን እቆጥራለሁ።

በአንዱ ሌሊት ሰውነቷ እንደ ምጣድ ጋለብኝ። ሙቀቷን ስለካ ከአርባ ዲግሪ አልፏል። ለሕፃን የማደርገውን አደረግኩ፤ ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ሰብሬ፣ ሩቡን አድቅቄ በወተት በጠበጥኩና በመርፌ ስሪንጅ አፏ ውስጥ ጨመርኩላት። ግማሹን ያህል በአረፋ ተፋችው። የቀረው ወረደ። አንድ ነገር በማድረጌ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። እሷን ማከሜ ነበር ወይስ የራሴን ጭንቀት ማስታገሴ፣ ያን ሌሊት አልጠየቅኩም።

ሲነጋ ፊቷ አብጧል፤ ድዷ ቡና መስሏል። ቅርጫት ውስጥ አስተኝቼ ከጎፈር ሜዳ በባጃጅ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኳት። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የአስተዳደር መቀመጫው ከሆነች ወዲህ ከተማዋ ብዙ ተለውጣለች፤ እዚያ ደጅ ላይ ግን አሁንም የሚሰለፈው በሬና ላም ነው። በቅርጫት ድመት የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሐኪሙ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። በቅድሚያ የጠየቁኝ ስለ እኔ ነው፦ "ነክሳሻለች ወይስ ቧጭራሻለች?" የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛልና። አልነከሰችኝም። ነክሳኝ ቢሆን ቁስሉን 15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በውኃ አጥቤ ለክትባት መሮጥ ነበረብኝ፤ ይህን እኔም ለሰው የምናገረው ነው። ቀጥለው ድዷን ገልጠው አዩና ቀና አሉ።

"ሲስተር፣ ምን ሰጠሻት?"

"ምንም።"

ቃሉ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። ከኋላዬ በሬውን የያዘ ገበሬ ቆሟል፤ አንገቴ ላይ የሥራ መታወቂያዬ ተንጠልጥሏል። ነርስ ሆኜ ሳላውቅ መድኃኒት ሰጠሁ ማለት ሞት መሰለኝ።

ከሆዷ ፈሳሽ ቀዱ። ቢጫ፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ነው። በመመርመሪያ ብልቃጥ ንጹሕ ውኃ አድርገው አንድ ጠብታ አሴቲክ አሲድ ጨመሩበት፤ ከላዩ የቡላን ፈሳሽ አንጠባጠቡበት። ጠብታው አልሟሟም፤ እንደ ቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ወረደ። ሪቫልታ የሚባል ምርመራ ነው። ጠብታው ቢሟሟ ኖሮ የፈሩት በሽታ የመሆኑ ዕድል በጣም ይጠብ ነበር፤ ሳይሟሟ መቅረቱ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ በባክቴሪያ የሚመጣ የሆድ ውስጥ ብግነትም እንዲህ ያሳያል። የፈሩት ኤፍ.አይ.ፒ. የሚባለውን ነው፤ በብዙ ድመቶች ላይ ያለ ጉዳት የሚኖር የድመት ኮሮና ቫይረስ በጥቂቶቹ፣ በተለይም በወጣቶቹ ሰውነት ውስጥ ተለውጦ የሚያመጣው በሽታ ነው።

"ሆዱ ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ድዱ ግን አልሄድ አለኝ" አሉ። ለአይጥ መርዝ ይሆናል ብለው ቫይታሚን ኬ ወጓት። ቢሾፍቱ ለሚያስተምር የሙያ ጓደኛቸው ደውለው ስለ ድዱ ሲያማክሩት አጠገባቸው ቆሜ እሰማለሁ። መልሱ እኔ ጋ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሽማግሌው በሌለ መንገድ ሲደክሙ ዝም ብዬ አየኋቸው።

በሦስተኛው ቀን ተናገርኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው "በይ፣ አሁን ድዱ ገባኝ" ብቻ አሉኝ። ከዚያ አስረዱኝ። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን አርክሶ የሚያስወጣው ኢንዛይም በበቂ የለውም፤ መርዙ ደሟን ያበላሸዋል፤ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተውና ይጠቁራል፤ ፊትና መዳፍ ያብጣሉ። ማርከሻው አሴቲልሲስቲን ነው፤ ሰውም ላይ የምንጠቀምበት። ግን ይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ያን ጠዋት ደጃቸው ስደርስ ገና ጊዜ ነበረ።

ቡላ በ11ኛው ቀን ሞተች። ሐኪሙ ከፍተው እንዲያዩአት ጠይቀውኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ፤ ዛሬ ይቆጨኛል። ከጓሮ እንሰቱ ሥር ቀበርኳት። በሽታው ይሁን እኔ፣ ማን ምን ያህል እንደ ገደላት ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

በኋላ እንዳነበብኩት፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ካሊፎርኒያ፣ ዴቪስ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኒልስ ፒደርሰንና ባልደረቦቻቸው ጂ.ኤስ.-441524 የሚባል መድኃኒት በዚህ በሽታ ለተያዙ 31 ድመቶች ሰጥተው ነበር፤ 26ቱ የ12 ሳምንቱን ሕክምና ጨርሰዋል። እስከዚያ ድረስ በሽታው ከሞላ ጎደል ሞት ማለት ነበር። መድኃኒቱ እኔ ጋ አይደርስም ነበር፤ ስለዚህ ምናልባት መሞቷ አይቀርም ነበር። ይህ ግን ሐኪሙን የነጠቅኳቸውን ሁለት ቀን አይመልስም። በሽታዋ በራሱ ግልጽ አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ይበልጥ አጨለምኩት።

አሁን ሥራ ላይ እናትን በሰው ፊት አልጠይቅም። በሩን ዘግቼ፣ ልጁን አቅፌ፣ "እኔም ለምወዳት የማይሆን ነገር ሰጥቼ ደብቄ አውቃለሁ" እላለሁ። በቅርቡ አንዲት ከገጠር የመጣች እናት ይህን ስላት አለቀሰችና ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ያጠጣችውን ቅጠል አሳየችኝ። ልጁን በጊዜ አከምነው።

ድመት ያላችሁ፣ ፓራሲታሞል ሩቡንም ቢሆን አትስጧት። ሰጥታችሁ ከሆነም ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ ደጁን እንደረገጣችሁ ምን ያህል እንደሰጣችሁና በስንት ሰዓት እንደሰጣችሁ ንገሩት።