ወደ ታች ያደገች አበባ

ድንብላል፣ ከሙን፣ ነጭ አዝሙድ፣ እንስላልና ካሮት የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? ከአንድ ነጥብ ብዙ ቀጫጭን ዘንጎች ይወጡና አበባቸው እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ይሆናል። ጥቁር አዝሙድ ግን በስም ቢቀርባቸውም ከሌላ ቤተሰብ ነው።

ይህ የጓዳችን ቤተሰብ በባሌ ተራሮች ላይ አንዲት ትንሽ ዘመድ አለችው። ከጎባ ወደ ደሎ መና ስንጓዝ 4000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ መኪናችን ቆመ፤ መሬት ላይ ተለጥፋ ያገኛት የአሥር ዓመቱ ልጄ ነው። የዕፅዋት መምህር የሆነው ወንድሜ ሳይንሳዊ ስሟ ሃፕሎስያዲየም አቢሲኒከም እንደሚባል ነገረን።

ግንድ የላትም። ቅጠሎቿ ዙሪያውን አፈሩ ላይ ተነጥፈዋል፤ ጥቃቅን ነጫጭ አበቦቿ መሐል ላይ ተቀምጠዋል። ልጄ በቁመት ከእኩዮቹ ስለሚያንስ በትምህርት ቤት ስም ወጥቶለታል። ስለዚህ «አጎቴ፣ ይህቺ ለምን አላደገችም?» ብሎ ሲጠይቅ ነገሩ ስለ አበባዋ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

«አድጋለች እንጂ! ያደገችው ወደ ታች ነው» አለው ወንድሜ።

ሳነቴ ላይ ቀን ፀሐይ ያቃጥላል፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን መሬቱን ወደ ላይ ስለሚገፋው ሥሩ ያልጠለቀ ቡቃያ ይነቀላል። እርሷን ወፍራም ሥሯ አጥብቆ ይይዛታል፤ ዝቅ ማለቷም ከነፋስ ይጋርዳታል። ስዊድናዊው ተመራማሪ ኦሎቭ ሄድበርግ በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የአፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ዕፅዋት ካሏቸው አምስት ዋና ዋና የአቋም ዓይነቶች አንዱ ይኸው ግንድ አልባነት እንደሆነ አስፍሯል።

በዚያው አምባ ላይ ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም ጅብራ ይበቅላል። ጅብራ ግን በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ትንሿ ከሥሯ እየታደሰች ለዓመታት ትኖራለች።

ልጄ ቤት ልውሰዳት አለ። «የስንት ዓመት ሥር በአንድ እጅ ይነቀላል» ሲባል ግን እጁን ሰበሰበ። ወላጆችም አደራ፦ ልጆች የሜዳ ቅጠል እንዳይቀምሱ እንንገራቸው፤ ከዚሁ ቤተሰብ ሰው የሚገድል መርዝ ያላቸው አሉ።

የልጄ ቁመት የት እንደሚደርስ አላህ ያውቃል። ሥሩን ማጠንከር ግን የእኔና የአባቱ ሥራ ነው።