ለትከሻችሁ እዘኑለት!

ጀልባ ሰውን ይሸከማል እንጂ ሰው ጀልባ ይሸከማል እንዴ? ትሉ ይሆናል። ይሸከማል! እኔና ባለቤቴ በምንኖርበት በሚኒሶታ፣ ከካናዳ ድንበር ጥግ፣ ባውንደሪ ዎተርስ የሚባል ጥብቅ ደን አለ። ከአንድ ሺህ በላይ ሐይቆች አሉት። መኪና ውስጡ አይገባም፤ ሞተር ጀልባም እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው ሕግ በአብዛኛው ሐይቆች ላይ ክልክል ነው። ታዲያ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ለመሻገር ከውሃው ወጥቶ፣ ጀልባውን ተሸክሞ ጫካውን ማቋረጥና እንደገና መቅዘፍ ነው። አገሬው ይህንን «ፖርቴጅ» ይለዋል። እኛ ሸክም እንለዋለን።

ለእናቴ በስልክ ብነግራት «አሜሪካ ድረስ ሄደሽ ሸክም?» ብላ ሳቀች። እሷ በወጣትነቷ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የወረደች ሴት ናት። ሳቋን ስትጨርስ ግን አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ «ሸክሙ የት ላይ ነው የሚያርፈው?» ዕቃውን ያከራየን ሰውዬ እንኳ ይህንን አልጠየቀንም።

ባለቤቴን ላስተዋውቃችሁ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ጫኝና አውራጅ ነው። የእሱ ትከሻና ወገብ ማለት የቤት ኪራያችን ማለት ነው። ሲታመም የሚከፈለው ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። እኔ ደግሞ አረጋውያን መጦሪያ ስለምሠራ ሰው ሲነሣ ከጉልበት እንጂ ከወገብ እንደማይነሣ በደንብ ተምሬአለሁ። እና ባለፈው ሐምሌ ገና ከመጀመሪያው ሐይቅ ስንወጣ ካያኩን አንሥቶ አንድ ትከሻው ላይ ዘፍ! የሥራ ባልደረባዬ ያዋሰችኝን ቀንበር ሳሳየው «እኔ በሬ ነኝ?» አለኝ። ስፖንጅ እንኳ አድርግበት ስለው «ምነው፣ ሕፃን አደረግሽኝ?»

የእኛ ፕላስቲክ ካያክ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የኩንታል ሩብ ናት፣ ምን አላት? አትበሉ። የእህል ጆንያ ትከሻ ላይ ሲወጣ ይተኛል፤ ካያክ አይተኛም። የመቀመጫው ቀዳዳ ጠርዝ ደረቅ ነው፤ አጥንት ላይ ተቀምጦ በየእርምጃው ይቆርጣል። አንገትም ወደ አንድ ጎን ይጣመማል። ርዝመቱ ደግሞ ነፋስ ሲያገኘው ተሸካሚውን ያሽከረክረዋል።

ታንኳ የሚይዙት ተገላግለዋል፤ መሐሉ ላይ ለአንገት የተጠረበ አግዳሚ እንጨት አለው። ፈረንጆቹም ልክ እንደ እኛ ቀንበር ብለው ነው የሚጠሩት! ካያክ ይህ ስለሌለው ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር የሚታሰር፣ ሁለት ትራስ ያለው ተነቃይ ቀንበር ይገዛለታል። ጀልባው ተገልብጦ ከራስ በላይ ይሆናል፤ ክብደቱ በሁለቱም ትከሻ ይካፈላል። ሚዛኑን መሐል ላይ ካገኛችሁ አንድ እጃችሁ ነፃ ይወጣል። የእዚያን አገር ትንኝ ያየ ሰው ነፃ እጅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል!

ጋሪስ? አለ። ባለ ሁለት ጎማ፣ ታጣፊ፣ ለአስፋልትና ለደልዳላ መንገድ የሚወዳደረው የለም። ባውንደሪ ዎተርስ ውስጥ ግን ከጥቂት የተፈቀዱ መንገዶች በስተቀር ጎማ ክልክል ነው። ባይከለከልም ድንጋዩና የዛፍ ሥሩ አያስኬደውም።

የጥንቶቹ ፀጉር ነጋዴዎች ተሸካሚዎችማ ጠፍር ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ እያንዳንዱ 40 ኪሎ የሚሆን ጥቅል ሁለት ሁለት ይዘው፣ ግራንድ ፖርቴጅ የሚባለውን 14 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይወጡት ነበር። ጠፍሩ ዛሬም ይሸጣል። ያልለመደ አንገት ግን ባይሞክረው ይሻላል።

ወደ ባለቤቴ ልመለስ። እዚያ ካርታ ላይ የሸክም መንገድ በ«ሮድ» ነው የሚጻፈው፤ አንድ ሮድ 5 ሜትር ያህል ነው። ሁለተኛው መንገዳችን 100 ሮድ ነበር። ግማሽ ኪሎ ሜትር እኮ ነው! ባለቤቴ ደግሞ መመላለስ ስለጠላ ጀልባውንም፣ የጀርባ ሻንጣውንም በአንድ ጊዜ። ግማሽ ላይ ቆመ። ጀልባውን አወረደና ጣቶቹን ማየት ጀመረ። «ደነዘዙ» አለኝ። ፊቱ ላይ ያየሁት ሕመም አይደለም፤ ሰኞ ነው። ሰኞ ጠዋት የሥራ ሰዓቱን ነው ያየሁት።

አላልኩህም? አላልኩትም። ሻንጣውን ከጀርባው አወረድኩ፤ ጀልባው ውስጥ የቀረውን ውሃ በስፖንጅ ጨምቄ አወጣሁ (አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፣ ለምን ትሸከሙታላችሁ?)፤ ቀንበሩንም አሰርኩለት። ጣቶቹ እስኪመለሱ ተቀመጥን። ባይመለሱ ጉዞው እዚያው ያበቃ ነበር፤ ድንዛዜ ካልለቀቀ ሐኪም ቤት ነው እንጂ ጀግንነት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዙር ተመላለስን። አንዱ ኪሎ ሜትር ሦስት ይሆናል፣ እውነት ነው፤ አንዱ ሲሦ ግን ባዶ እጅ ነው፣ ወፍ እያዩ። የሻንጣውንም የወገብ ቀበቶ አጥብቄ አሰርኩለት፤ ክብደቱ ዳሌ ላይ ሲያርፍ ትከሻ ይተነፍሳል። ሲመሽ «ያ ቀንበር ስንት ነው?» አለኝ፣ ወደ እሳቱ እያየ።

ሰኞ ሥራ ገባ። አሁን ቤታችን ሁለት ቀንበር አለ፤ አንዱን ራሱ ከእንጨት ጠርቦ፣ ስፖንጅ ለብጦ ሠራው። የእሱ ይበልጣል ይላል። ለነሐሴ ተመዝግበናል፤ ጥንዶች ከሆናችሁ እናንተም ሁለት ያዙ፣ አንዱን ተራ መጠበቅ ጸብ ያመጣል።