ብርሃንን የሚቀድመው

ሹም አቦ፣ ምሽት ነው። ከጣና ሐይቅ በኩል መብረቅ ብልጭ ሲል የእህቴ ልጅ ጣቶቹን እያጠፈ መቁጠር ጀመረ። ስድስተኛው ላይ ነጎድጓዱ ደረሰ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው።

«ጋሼ፣ ድምፅን ብርሃን ቀደመው። ብርሃንንስ ማን ይቀድመዋል?»

«ማንም» ብዬ ወደ ቡናዬ ተመለስኩ። ሌሊት ግን መልሴ ቆረቆረኝ።

ክልከላው የመጣው በ1905 ከአንስታይን ነው (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ያዙልኝ)። ክብደት ያለው ነገር በሰከንድ 299,792 ኪሎ ሜትር ወደሚደርሰው የብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ቁጥር የሚፈልገው ጉልበት ማለቂያ ያጣል። በ1962 ግን የፊዚክስ ሊቁ ሱዳርሻንና ሁለት ባልደረቦቹ አንድ ቀዳዳ አዩ፤ ወሰኑን መሻገር ባይቻልስ፣ ከጥንቱም ማዶ የተወለደ ቢኖርስ? በ1967 ጄራልድ ፋይንበርግ «ፈጣን» ከሚለው የግሪክ ቃል ወስዶ «ታኪዮን» አለው። ስሙ ወጣ እንጂ ልጁ እስካሁን አልተወለደም። ጠባዩም ጉድ ነው፤ ጉልበቱ ባለቀ ቁጥር ይፈጥናል። እኔ ጉልበቴ ሲያልቅ ባጃጅ ነው የምጠራው።

በ2011 ብርሃንን የሚቀድም ተገኘ ተባለ። ከሰርን የምርምር ማዕከል ወደ ጣሊያኑ ግራን ሳሶ 730 ኪሎ ሜትር በመሬት ውስጥ የተላኩ ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች ብርሃንን በ60 ናኖ ሰከንድ ቀደሙ ሲባል ዓለም ተንጫጫ። ከወራት በኋላ ሲፈተሽ አንድ የፋይበር ገመድ በደንብ አልገባም ኖሯል። እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ እንቢ ሲል መጀመሪያ የሚነቀነቀው ገመዱ ነው።

በነጋታው ልጁን ጣና ዳር ወሰድኩት። «የትናንቱ መልሴ ለባዶ ጠፈር ነው» አልኩት። ውሃ ውስጥ ብርሃን ራሱ ይዘገያል፤ በሰከንድ 225,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። የጠፈር ጨረር ከአየር ሲጋጭ የሚወለዱት ሙዮን የሚባሉ ቅንጣቶች ግን ውሃ ሲገቡ እምብዛም አይበገሩም። ስለዚህ እዚህ፣ ጣና ውስጥ፣ ብርሃንን ይቀድሙታል! ሞተር ጀልባ ሞገዱን ቀድሞ ከኋላው ሹል ክንፍ እንደሚዘረጋ እነሱም ዓይን የማያየው ደብዛዛ ሰማያዊ ብርሃን ጥለው ያልፋሉ። ቼሬንኮቭ ይህን ብርሃን በ1934 አጥንቶ ኋላ ኖቤል ተሸልሞበታል።

«ስንት ናቸው?»

«በመዳፍህ በኩል በየሰከንዱ አንድ ያህል ያልፋል።»

እጁን ውሃው ውስጥ ነከረ።

«አሁን አለፈ?»

«አለፈ።»

«አሁንስ?»