ከምቱ በፊት

በኤች ጎዳና በኩል ወደ ምሥራቅ ይሄድ የነበረው የኤክስ 2 አውቶቡስ የአናኮስቲያ ወንዝን ሊሻገር ሲል፣ በስተግራ ሰፊ አረንጓዴ መስክ ይታይ ነበር። ላንግስተን የሚባል የጎልፍ ሜዳ ነው። ዋሽንግተን በመጣሁ ሰሞን ቤቴ እዚያው ሰፈር ስለነበር፣ ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ በአጠገቡ አልፍ ነበር። ዓይኔን የሚይዘው ሰዎቹ ኳሱን ከመምታታቸው በፊት የሚያደርጉት ነገር ነው። ዱላውን ይይዛሉ፣ ጣቶቻቸውን ያስተካክላሉ፣ እግራቸውን ገፋ ሳብ ያደርጋሉ፣ ቀና ብለው ሩቅ ያያሉ፣ ደግሞ ያቀረቅራሉ። ምቱ ከዚህ ሁሉ በኋላ እፍ ብሎ ያልቃል። አገሬ ሳለሁ ስለ ጎልፍ የማውቀው አሮጌ ኤርፖርት አካባቢ ሜዳ እንዳለ ብቻ ነበር፤ ሰው ሲጫወት በቅርብ ያየሁት እዚህ ነው።

አንድ ቅዳሜ ገባሁና ባልዲ ሙሉ ኳስ ገዛሁ። አጠገቤ ይለማመዱ የነበሩት ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊት አስተማሪ ለአፍታ አዩኝና ባልዲውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። «እሱ ይቆይ። መጀመሪያ እጅሽን ስጪኝ፣ ልጄ» አሉ።

ግራ እጄን ዘርግተው 7 ቁጥር አይረን የሚባለውን ዱላ ጣቶቼ ላይ በሰያፍ አጋደሙልኝ፤ ከትንሿ ጣት ሥር ተነስቶ በሌባ ጣቴ መካከለኛ አንጓ በኩል የሚያልፍ አድርገው። ከዚያ ከትንሿ ጣት በታች ያለውን የመዳፌን ወፍራም ሥጋ ከላይ አሳረፉበት። «አሁን ሌባ ጣትሽን ቆልምሚና ሌሎቹን ልቀቂ።» ለቀቅሁ። ዱላው በዚያች ሥጋና በአንዲት ጣት ብቻ ተይዞ በአየር ላይ ቀረ፤ ውልፍት አላለም። በጣም ደስ አለኝ። ጉልበት ሳይሆን አቀማመጥ ምን ያህል እንደሚሸከም በእጄ ያየሁት ያኔ ነው።

ጣቶቼን መልሼ ሳጥፍ ቁልቁል እንዳይ አደረጉኝ። የሁለት ጣቶቼ የጀርባ አንጓዎች ይታያሉ፤ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለው መስመር ወደ ቀኝ ትከሻዬ ያመለክታል። ቀኝ እጄ ቀጥሎ መጣ፤ መዳፉ የግራውን አውራ ጣት አለበሰው። የቀረችው የቀኟ ትንሽ ጣት ናት። እሳቸው የሚይዙት በሃሪ ቫርደን አያያዝ ነበር፤ ትንሿ ጣት በግራው ሌባ ጣት ላይ ትደረባለች። ቫርደን የብሪታንያን ኦፕን 6 ጊዜ ያሸነፈ የጀርዚ ደሴት ተወላጅ ነው፤ አያያዙን ከሱ በፊትም የተጠቀመበት ቢኖርም ለዓለም ያስለመደው እሱ ነው። የኔ እጅ ግን ትንሽ ነውና ጣቴ እየተንሸራተተች አስቸገረች። ሁለቱን ጣቶች አቆላለፉልኝ። «ታላቁ ጎልፈኛ ጃክ ኒክላውስም እጁ ትልቅ አይደለም፤ እንዲህ ነው የሚይዘው። ታይገር ዉድስም እንዲሁ» አሉኝ።

«ከ1 እስከ 10 ቢሆን ስንት ነው የጨበጥሽው?»

«ስምንት።»

«ወደ አራት አውርጂው።»

አወረድኩት። ክንዴ ላላ፣ ትከሻዬ ወረደ፣ ጥርሴን ነክሼ እንደነበር እንኳ ያወቅሁት መንጋጋዬ ሲፈታ ነው። ክንድ ሲገተር የእጅ አንጓ ይታሰራል፤ እሱ ከታሰረ የዱላው ጫፍ ፍጥነት ከየት ይመጣል?

አቋቋሙን በሚቀጥሉት ቅዳሜዎች አስተማሩኝ። እግር በትከሻ ስፋት፤ ጎንበስ የሚባለው ከወገብ ሳይሆን ከዳሌ፣ ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ሊቀመጡ እንደጀመሩ ያህል። ክንድ ከትከሻ ወደ ታች በነፃነት ይንጠለጠላል። ቀኝ እጅ ከግራው ዝቅ ብሎ ስለሚይዝ ቀኝ ትከሻም ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ይህን ማስተካከል አያስፈልግም፣ መተው ነው። ለ7 ቁጥሩ ኳሱ መሐል አካባቢ፣ ድራይቨር ለሚባለው ረጅም ዱላ በግራ ተረከዝ ትይዩ። አንድ ዱላ መሬት ላይ ከጣቶቼ ፊት ያጋድሙና ወደ ኋላዬ ዞረው ያያሉ። ዱላው ዒላማውን ካመለከተ አይቀበሉም፤ ወደ ዒላማው የሚሄደው የኳሱ መስመር ነው፣ የእግር መስመር በግራ በኩል ጎን ለጎን ይሄዳል።

ጎልፈኛው ቤን ሆጋን በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአምስት ትምህርቶች መጽሐፉ የመጀመሪያውን ትምህርት ለአያያዝ፣ ሁለተኛውን ለአቋቋም ሰጥቷል። ያ ታላቅ ሰው አምስቱን ሊያስተምር ሲነሳ ሁለቱ ያለቁት ዱላው ገና ሳይወዛወዝ ነው። እኔም እስከ ዛሬ ጎልፍን አብልጬ የምወደው በዚህ ክፍሉ ነው። ሰውነት ራሱን አደራጅቶ ሲጨርስ የሚሰማኝን ዓይነት ዝግጁነት በሌላ ነገር አላገኘሁትም።

እጄን ይዘው ሲያስተካክሉ ስለ ሜዳው ያወሩኝ ነበር። የዌክ ሮቢን አባል ናቸው፤ በ1937 እ.ኤ.አ. ሔለን ዌብ ሃሪስ የተባሉ መምህርት 13 ሴቶችን ቤታቸው ሰብስበው ያቋቋሙት የጥቁር ሴቶች የጎልፍ ክለብ ነው። ያኔ የከተማዋ የሕዝብ ሜዳዎች በዘር የተከፋፈሉ ነበሩ። በ1938 እኩል ይከፈትልን ብለው ለአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ለሃሮልድ ኢክስ አቤት አሉ፤ በቀጣዩ ዓመት ቆሻሻ መጣያ በነበረው በዚህ መሬት ላይ ላንግስተን በ9 ጉድጓድ ተከፈተ። 18 የሆነው በ1955 ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ እዚያ ቆሜ እግሬን እንደ ነገሩ ማስቀመጥ አልሆነልኝም።

በጋው ሳያልቅ ከጓደኞቻቸው ጋር ሜዳው ላይ ወሰዱኝ። በመጀመሪያው መምቻ ላይ ዱላዬን እንደያዝኩ ሦስቱም ጎንበስ ብለው እጄን አዩ። አንደኛዋ ጣቶቼ ተቆላልፈው ስታይ፣ «ምነው? ተደራቢው አይሻላትም?» አለች። ሁለተኛዋ የለም፣ ለትንሽ እጅ ይኸው ነው አለች። አስተማሪዬ የራሳቸውን እጅ እያሳዩ መሐል ገቡ። ክርክሩ ደመቀ፤ ከኋላችን ተራ የሚጠብቁት ሰዎች «እሜቴዎች፣ እንምታ እንጂ!» ብለው እስኪጮኹ ድረስ ማንም ኳሱን አላስታወሰውም።