ያልጠየቅሁት ጥያቄ

ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ወር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳ። ልጁን ምጥ ይዟታል፤ የመጀመሪያዋ ነው። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወደ ደሴ ወጥቷል። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ጡረታ የወጣሁ ነርስ መሆኔን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ እንዳለችኝም እንደዚሁ። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ፣ ልጅቷን ከኋላ አስቀመጥናት፣ ቁልፉን አዞርሁ። «ቀጭ» አለና ዝም። ደግሜ አዞርሁ፤ አሁንም «ቀጭ»። ባትሪውን ከገዛሁት ገና ሦስት ሳምንቱ ነው።

አራት ጎረምሶች በቁልቁለቱ ገፍተው አስነሷት። ልጅቷ ጤና ጣቢያ ደርሳ በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ ልጅ ነው። እኔ ግን እስኪነጋ አልተኛሁም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ለጀማሪ ነርሶች ስደጋግመው የኖርሁትን አንድ ጥያቄ በገዛ ቤቴ ሳልጠይቅ ቀርቼ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በመስከረም ነው። ባትሪው የሚቀመጥበትን ብረት አሲድ በልቶት ይወዛወዝ ነበር። እኔ ዘንድ ያደገው የ19 ዓመቱ የልጅ ልጄ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ የመኪና ጥገና ይማራል። «እማዬ፣ እኔ እሠራልሻለሁ» አለና ከጓደኛው ጋር ሆኖ ባትሪውን ከሞተሩ አጠገብ አንሥቶ ወደ ኋላ፣ ወደ ዕቃ መጫኛው አዛወረው። መኪናዋ ተነሣች። መረቅሁት፤ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁለት።

ከዚያ ጣጣው መጣ። ክላክስ ስነካ መብራቷ ይደበዝዛል። ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው እየደከመ ይዞራል። ኅዳር 26 የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዕለት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄጄ፣ እኛ ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም ስለማንገባ ከውጭ ተሳልሜ ስመለስ፣ መንገድ ላይ አልነሣም አለች። ያ ሁሉ በዓል አክባሪ እያየኝ ተገፋሁ። ቤት እንደገባሁ ልጁን «ደህና የነበረችውን መኪና አበላሸሃት፤ ሁለተኛ እንዳትነካት!» አልሁት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በማግስቱ ከጡረታዬ ቆጥቤ ያስቀመጥሁትን አውጥቼ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ትኩሳት ስላየ ብቻ ሳይመረምር መርፌ የሚወጋውን ስንቱን ገሥጫለሁ! እኔም ያደረግሁት ያንኑ ነው።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ቡና አፍልቼ ልጁን ጠራሁት። በሽተኛ «መድኃኒቱን አቋርጫለሁ» ብሎ እውነቱን የሚነግረው ለማይቆጣው ሰው ነው። ስለዚህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ባትሪውን ስታዛውሩ ሌላ ምን ተለወጠ?» አልሁት።

ዝም ብሎ ቆየና «አትቆጪኝም?» አለ።

«አልቆጣህም።»

«የኔጋቲቩን ገመድ ከኋላ ላሜራው ላይ በትንሽ ብሎን ነው ያሰርሁት። ቀለሙን አልፋቅሁትም። ፖዘቲቩም አልደርስ ሲለን ያገኘነውን ቀጭን ገመድ ቀጠልንበት። በኅዳር ልነግርሽ ነበር፤ ሁለተኛ እንዳትነካት ስትይኝ ተውሁት።»

አብረን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደሴ፣ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄድን። ቴስተሩ ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት አሳየ። «ባትሪው ሙሉ ነው ሲስተር» አለኝ። ቀጥሎ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኝቶ ልጁን «አስነሣ» አለው። ከግማሽ ቮልት ማለፍ ያልነበረበት ቁጥር 3 ደረሰ።

ሲያስረዳኝ በሙያዬ ቋንቋ ገባኝ። ደም በደም ቅዳ ሄዶ በደም መልስ ይመለሳል። ኤሌክትሪክም ከባትሪው በፖዘቲቭ ይወጣና በመኪናዋ ብረት በኩል ወደ ኔጋቲቩ ይመለሳል። መመለሻው ቀለም ላይ ከታሰረ መንገዱ ይጠብባል፤ ብዙ ኃይል የሚፈልገው ሞተሪኖ ደግሞ ቀድሞ ይደክማል። አዲስ ባትሪ ይህን አያድንም።

ሰውነቴን የቀዘቀዘው ግን የኋላው ወንበር ሲነሣ ያየሁት ነው። ፖዘቲቩ ገመድ በላሜራው ቀዳዳ ሲያልፍ እየተፈተገ ልባሱ ሊያልቅ ደርሶ ነበር፤ ፊውዝም አልነበረውም። ብረቱን ቢነካ እሳት ነው። ያቺ ወላድ የተቀመጠችው እዚያ ላይ ነው፤ ትንንሾቹ የልጅ ልጆቼም በየቀኑ።

ጥገናውን ባለሙያው እያሳየው ልጁ በእጁ ሠራው። ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ፋቀ፣ ኔጋቲቩን በወፍራም ብሎን አጠበቀ፣ ከሞተሩ ወደ ሻንሲው ተጨማሪ ገመድ አሰረ። ፖዘቲቩን ለርዝመቱ በሚመጥን ወፍራም ገመድ ለወጠ፣ ቀዳዳው ላይ ጎማ አደረገ፣ ከባትሪው አጠገብ ትልቅ ፊውዝ አስገባ። ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚወጣው፣ ክዳን ባለው ሣጥን አስረው ጋዙን በቱቦ ወደ ውጭ አወጡት።

በየቤታችሁ እንዲህ የሚሞካክር ልጅ ካለ ሁለት ነገር ንገሩት። ባትሪ ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፤ ሲታሰር ኔጋቲቩ መጨረሻ ነው። አሲድ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይታጠብ፤ ዓይን ከሆነ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። ለእናንተ ለወላጆችና ለአያቶች ያለኝ ደግሞ አንድ ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ «ማን አበላሸው?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ተለወጠ?» በሉ። እኔ የመጀመሪያውን ስል ልጁ ዝም አለ፤ ዝምታው ደግሞ ከወንበሩ ሥር እሳት ሊያስነሣ ነበር።

ሕፃኑ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ቤተ ክርስቲያን ያደረስነው በዚያችው መኪና ነው። የነዳው የልጅ ልጄ ነው። እኔ ከኋላ፣ ከእናትየዋ አጠገብ ተቀምጫለሁ።