ያልተከፈቱት ፖስታዎች

እ.ኤ.አ. በ2013 በአፉላ ኢንዱስትሪ ቀጠና በሚገኝ አንድ ፋብሪካ፣ በሻይ ዕረፍት ሰዓት፣ አንዲት እናት ከቦርሳቸው አራት ያልተከፈቱ ፖስታዎች አወጡልን። እኛ ያኔ ተማሪዎች ሆነን ለወገኖቻችን ደብዳቤ እናነብ ነበር። የላካቸው አንድ የጠበቆች ቢሮ ሲሆን፣ የሚጠይቀውም የቴሌቪዥን አግራ ከነቅጣቱ ነው።

«ቴሌቪዥኑ ከተበላሸ እኮ ሁለት ዓመቱ ነው። ዳንቴል አልብሼ አበባ አስቀምጬበታለሁ» አሉን። «ሲሠራስ መቼ በቋንቋዬ አነጋግሮኝ ያውቃል?»

መልስ አጠረን። አግራው ይከፈል የነበረው መሣሪያው ቤት ውስጥ ስላለ እንጂ ስለታየ አልነበረም። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አይደለም፤ በእንግሊዝ አገርም እንደሚደረገው፣ ገንዘቡ ከየቤቱ ከመጣ ጣቢያው የመንግሥትን እጅ አያይም ተብሎ ነው። ዳሩ ግን ባለ ቪላውም የፋብሪካ ጽዳት ሠራተኛዋም የሚጠየቁት ያው አንድ ሒሳብ ነበር (ለአንዳንድ ችግረኞች ቅናሽ ቢኖርም)። ደብዳቤው በዕብራይስጥ ሲመጣ ደግሞ ቅጣቱ የሚከማቸው ማንበብ በማይችለው ላይ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ፍትሕ ነው ለማለት አልቻልንም።

ከዚያ ገንዘብ ለእኛ ሰው የደረሰው በሬዲዮ በኩል ነው። የሰሎሞን ዘመቻ በተካሄደበት በ1991 የተመሠረተው ሬዲዮ ሬካ በአማርኛ ዜና ያሰማ ነበር፤ ዛሬም ያሰማል።

በ2014 ክኔሴት ባወጣው ሕግ መሠረት ከ2015 ወዲህ የቤት ቴሌቪዥን አግራ የለም። የቀድሞው ብሮድካስት ባለሥልጣን በግንቦት 2017 ተዘግቶ «ካን» ተተክቷል። የመኪና ሬዲዮ አግራ ግን በሕጉ ቀረ፤ የሚከፈለውም ከመኪናው ዓመታዊ ፈቃድ ጋር ነው። አዲስ የመጣችሁ ቤተሰቦች ይህን ከኬብል ወይም ከሳተላይት ሒሳብ ጋር አታምታቱት፤ ያ ከግል ኩባንያ ጋር በፊርማችሁ የገባችሁት ውል ነው። ያላነበባችሁት ፖስታ ካለ ደግሞ ይዛችሁልን ኑ፤ ቦርሳ ውስጥ አይደር።

የእኚያ እናት ዕዳ በየወሩ ከደመወዛቸው እየቆነጠሩ ከፍለውት አለቀ። ከጊዜ በኋላ ልጃቸው በመኪናው ከሥራ ሲወስዳቸው እኛንም አሳፈሩን። ሬዲዮው የአማርኛ ዜና ያሰማ ነበር።

«ለዚህም ይከፈላል?» ብለው ጠየቁት።

«አዎ እማዬ፣ ከመኪናው ፈቃድ ጋር።»

«እንግዲያውስ ድምፁን ጨምረው» አሉት።